ፎልደሩ ውስጥ ያለ ብሎክ «አልተገኘም» ሲባል፦ ኦቶካድ ኤሌክትሪካል በኮምቦልቻ ወርክሾፕ

ኮምቦልቻ ውስጥ የሞተር መቆጣጠሪያና የኃይል ማከፋፈያ ፓኔል በሚገጣጥም አነስተኛ ወርክሾፕ የንድፍ ሥራውን የምይዘው እኔ ነኝ። ሥራ የሚመጣልን ከዱቄት ወፍጮዎች፣ ከውሃ ፓምፖች፣ ከብሎኬት ማምረቻዎችና አልፎ አልፎም በከተማዋ ካሉት ትልልቅ ፋብሪካዎች የጥገና ክፍል ነው። ላለፉት አምስት ዓመታት ሥዕሎቻችንን የምናዘጋጀው የኤሌክትሪክ ሥዕል መሣያ ሶፍትዌር በሆነው በኦቶካድ ኤሌክትሪካል ሲሆን፣ በዚህ ግምገማ የማተኩረው አዲስ ተጠቃሚን ከሁሉም በላይ በሚያስቸግረው ጉዳይ ላይ ነው፤ ይኸውም ብሎክ (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የዕቃ ምልክት) ሥዕል ውስጥ ሲገባ የሚፈጠረው ስህተትና መፍትሔው ነው። ሶፍትዌሩን ሥራዬ ብሎ ለመያዝ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሊመዝነው የሚገባው ይህንን ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሶፍትዌሩ ጥቅምም ሆነ ድካሙ የሚመነጨው ከአንድ ቦታ፣ ብሎክን ከሚይዝበት ጥብቅ ሥርዓት ነውና።

በእኛ አካባቢ የፓኔል ሥዕል ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ መሄድ አያስፈልግም። ኮምቦልቻ ከድሮም የጨርቃ ጨርቅና የቢራ ፋብሪካ ያላት ከተማ ስትሆን፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም ተጨምሮበታል። በ2014 ዓ.ም. በደረሰው ጦርነት በርካታ ፋብሪካዎች ሲዘረፉና ሲጎዱ የማሽኖቹ ሰነድም አብሮ ጠፍቷል። ከዚያ ወዲህ ሽቦው የተቆረጠ፣ ሥዕሉ የሌለ ፓኔል ከፍተን በመልቲሜትር እየተከታተልን ከባዶ የሣልንበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ በእጅ ወይም በተራ ኦቶካድ የሞከረ ሰው ገጹ አሥር ሲሞላ የትኛው ኮንታክት (መስመሩን የሚከፍትና የሚዘጋ ክፍል) የየትኛው ኮይል (ኮንታክቱን የሚያንቀሳቅስ የሽቦ ጥቅል) እንደሆነ መከታተል ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ያውቀዋል።

በተራው ኦቶካድ ብሎክ ማለት በአንድ ስም የታሰረ የመስመሮች ስብስብ ነው። በኤሌክትሪካሉ ግን ብሎክ መዝገብም ነው። የኮንታክተር (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትልቅ ማብሪያ ማጥፊያ) ኮይል ስናስገባ ከሳጥኗ ሥዕል ጋር የዕቃው መለያ፣ የአምራቹ ስም፣ የካታሎግ ቁጥሩ፣ የተርሚናሎቹ ቁጥር (ኤ1 እና ኤ2) እንዲሁም ሽቦ በየት በኩል እንደሚገናኝ የሚናገሩ አትሪቢዩቶች (ከብሎኩ ጋር የታሰሩ የጽሑፍ መረጃዎች) አብረው ይገባሉ። ኮይሉ «ኬ1» ከተባለ የኬ1 ኮንታክቶች ሌላ ገጽ ላይ ቢሆኑም ከእሱ ጋር ይተሳሰራሉ፤ በመጨረሻም የዕቃ ዝርዝሩ፣ የሽቦ ዝርዝሩና የተርሚናል ዝርዝሩ የሚወጡት ከእነዚሁ አትሪቢዩቶች ተለቅመው ነው። ስለዚህ አንድ ብሎክ በትክክል ሳይገባ ከቀረ ጉዳቱ ከሥዕሉ አልፎ መርካቶ ድረስ ይዘልቃል፤ ለግዢ የተላከው ሰው አንድ ረዳት ኮንታክት ጎድሎት ይመለሳል።

ከሁሉም በላይ የረጅም ሰዓት ድካም ያስከፈለን ስህተት ይህ ነበር። ሶፍትዌሩ ይዟቸው ከሚመጣቸው ምልክቶች መካከል እኛ በየፓኔሉ የምንገጥመውን የፌዝ መቆጣጠሪያ ሪሌይ በምንፈልገው ቅርጽ ስላላገኘሁት፣ ሲምቦል ቢልደር በሚባለው መሣሪያ ራሴ ሠርቼ «ኤች ሲ አር 1 ፒ ኤፍ» በሚል ስም ላይብረሪው (የምልክቶቹ ፋይሎች የሚቀመጡበት ፎልደር) ውስጥ አስቀመጥኩት። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለኢንተርንሺፕ የመጣች ተማሪ ምልክቱን ከላይ ወደ ታች በወረደ ሽቦ ላይ ልታስገባው ስትል ፋይሉ አልተገኘም የሚል መልእክት መጣ። ፎልደሩን ከፈተች፤ ፋይሉ አለ። ስሙን ቀይራ አስቀመጠችው፤ መልእክቱ ያው ሆነ። ላፕቶፑን አጥፍታ አበራችው፤ ያው ነው። «ጋሼ፣ ይኸው እዚሁ ነው ያለው፤ ታዲያ ለምን የለም ይላል?» አለችኝ። እኔም አይቼው አልገባኝምና ላይብረሪው ተበላሽቷል ብዬ መልሼ ልጭነው ተነሣሁ። ፓኔል ሲያስር የነበረው አንጋፋው ባለሙያችን ፕላየሩን አስቀምጦ ቀረበና፣ «አብሽሪ ልጄ፤ ጽሑፉን እስቲ ፊደል በፊደል አንብቢልኝ» አላት። ማንበብ ጀመረች፤ «ቪ... ሲ... አር...» ብላ ቆመች። እኔ የሠራሁት ፋይል በ«ኤች» ይጀምራል፤ ሶፍትዌሩ የሚፈልገው ደግሞ በ«ቪ» የሚጀምረውን ነበር።

የነገሩ ምክንያት በምልክቶቹ አሰያየም ሥርዓት ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ፊደል አቅጣጫን ይናገራል፤ ኤች በአግድም ሽቦ ላይ ለሚቀመጥ፣ ቪ በቁም ሽቦ ላይ ለሚቀመጥ። ቀጥለው የሚመጡት ሁለት ፊደላት ቤተሰቡን ያመለክታሉ፤ ፒ ቢ ፑሽ በተን፣ ሲ አር ሪሌይ፣ ኤል ቲ መብራት። አራተኛው ቦታ ላይ 1 ከሆነ ዋናው ዕቃ (እንደ ኮይሉ)፣ 2 ከሆነ ተከታዩ (እንደ ኮይሉ ኮንታክቶች) ነው፤ ለኮንታክቶች ደግሞ አምስተኛው ቦታ 1 ሲሆን በተፈጥሮው ክፍት፣ 2 ሲሆን በተፈጥሮው ዝግ ማለት ነው። «ኤች ፒ ቢ 11» የሚለውን ስም ያየ ሰው ሥዕሉን ሳይከፍት በአግድም ሽቦ ላይ የሚገባ፣ ዋና የሆነ፣ በተፈጥሮው ክፍት ፑሽ በተን መሆኑን ያውቃል። ሶፍትዌሩ ምልክት ሲያስገባ ከሥሩ ያለው ሽቦ ቁም ከሆነ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ወደ ቪ ለውጦ ይፈልጋል። የአሜሪካው የመሰላል አሣሣል ሽቦውን በአግድም ስለሚያስኬድ የኤች ምልክት ብቻ የሠራ ሰው እዚያ ላይ ችግሩ ላይታየው ይችላል፤ እኛ ግን በአይ ኢ ሲ (ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ደረጃ) ልማድ ከላይ ወደ ታች ስለምንሥል ወዲያው ያገኘናል።

መፍትሔው ፋይሉን ገልብጦ በቪ መሰየም ብቻ ይመስላል፤ እኛም መጀመሪያ ያደረግነው ይህንኑ ነው። ምልክቱ ገባ፣ ሽቦው ግን አላወቀውም። የሽቦ መገናኛ አትሪቢዩቶች ስም በውስጡ የአቅጣጫ ቁጥር ይይዛል፤ 1 ከቀኝ፣ 2 ከላይ፣ 4 ከግራ፣ 8 ከታች የሚመጣ ሽቦን ይቀበላል። በአግድሙ ምልክት ላይ «ኤክስ 4 ተርም 01» እና «ኤክስ 1 ተርም 02» የነበሩት፣ ምልክቱ ሲዞር ወደ «ኤክስ 2 ተርም 01» እና «ኤክስ 8 ተርም 02» መለወጥ አለባቸው። ሥዕሉን 90 ዲግሪ ማዞር፣ ጽሑፎቹን ቀና ማድረግ፣ ቁጥሮቹን መለወጥ፣ ከዚያ በቪ ማስቀመጥ፤ ሥራው ሲታወቅ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በወርክሾፓችን አንድ ምልክት «ተሠራ» የሚባለው ሁለቱም አቅጣጫው ሲሠራና በሲምቦል ቢልደሩ የራሱ ምርመራ ሲያልፍ ነው።

ሁለተኛው የስህተት ምንጭ መንገድ ነው፤ ማለትም ሶፍትዌሩ ምልክቶችን የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር። ዝርዝሩ የሚገኘው በፕሮጀክቱ ንብረት መስኮት ውስጥ ሲሆን፣ ሶፍትዌሩ ከላይ ወደ ታች እየወረደ መጀመሪያ ያገኘውን ይወስዳል። እዚህ ላይ ከ«አልተገኘም» የባሰ አደጋ አለ። የአሜሪካው የጄ አይ ሲ ላይብረሪና የአይ ኢ ሲው ላይብረሪ ብዙ ምልክቶቻቸው አንድ ዓይነት የፋይል ስም አላቸው። የጄ አይ ሲው ፎልደር በዝርዝሩ ከላይ ከተቀመጠ ምንም የስህተት መልእክት ሳይመጣ የአሜሪካው ፑሽ በተን በአይ ኢ ሲ ሥዕል መሀል ገብቶ ይቀመጣል። የእኛ ኔትወርክ 380/220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ኤሌክትሪሻኖቻችንም የተማሩት የአይ ኢ ሲ ምልክት ስለሆነ ሁለቱ የተደባለቁበት ሥዕል በጥገና ሰዓት ሰው ያሳስታል። አዲስ ፕሮጀክት ስከፍት ከማንኛውም ነገር በፊት ይህን ዝርዝር አያለሁ፤ የማንጠቀምበትን ላይብረሪም ከዝርዝሩ አወጣለሁ።

መንገዱ ሌላም ጣጣ አለው። አንድ ጊዜ የፓምፕ ጣቢያ ፕሮጀክት በፍላሽ ይዤ ሐረጎን አቋርጬ ደሴ ደንበኛው ቢሮ ደረስኩ፤ በእነሱ ኮምፒውተር ስከፍተው የነበሩት ገጾች በትክክል ታዩ፣ አዲስ ምልክት ላስገባ ስል ግን አንዱም እሺ አላለኝም። ምክንያቱም የእኛን ላይብረሪ አድራሻ «ዲ ድራይቭ፣ እዚህ ፎልደር» ብዬ በቀጥታ ጽፌው ነበር፤ የእነሱ ኮምፒውተር ደግሞ ዲ የሚባል ድራይቭ አልነበረውም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሶፍትዌሩ ለዚህ ያዘጋጀው መንገድ አለው፤ አድራሻውን በቀጥታ ከመጻፍ ይልቅ «ኤስ ኤል ዲር» የተባለውን አጭር መጠሪያ ግራና ቀኙን በፐርሰንት ምልክት አጥሮ መጻፍ ይቻላል። የአጭሩ መጠሪያ ትርጉም በየኮምፒውተሩ በሚገኘው የአካባቢ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ስለሚሰፍር ፕሮጀክቱ የትም ቢሄድ ላይብረሪውን ያገኛል። የፕሮጀክት ፋይሉ ራሱ በኖትፓድ የሚነበብ ተራ ጽሑፍ መሆኑም ትልቅ እርዳታ ነው፤ መንገዱ የተሳሳተበትን መስመር በዓይን አይቶ ማረም ይቻላል። ይህን ግልጽነት ከሶፍትዌሩ መልካም ጎኖች ሁሉ አስበልጬ አየዋለሁ።

በመጠን የሚመጣው ስህተት በአንጻሩ ለማየት ቀላል ነው። ኮይሉን ታስገባዋለህ፤ ከገጹ ወጥቶ ሰማይ ያክላል፣ ወይም ነጥብ ሆኖ ይጠፋል። ልዩነቱ 25.4 ጊዜ ከሆነ ነገሩ ኢንችና ሚሊ ሜትር መሆኑን ወዲያው እወቅ። ብሎኩ በኢንች ተሠርቶ ሥዕሉ በሚሊ ሜትር ሲሆን ኦቶካድ ራሱ ሊያባዛው ይሞክራል። «ኢንስዩኒትስ» የሚባለውን የመለኪያ አሃድ መቆጣጠሪያ በብሎኩም በሥዕሉም ፋይል ውስጥ አንድ ዓይነት ማድረግ፣ ከዚያም በሥዕሉ ንብረት መስኮት ውስጥ የስኬል ማባዣው ሚሊ ሜትር መሆኑን ማረጋገጥ ይበቃል። በመዳፊት ጎትቶ ማሳነስ ግን መፍትሔ አይደለም፤ ቀጥሎ የሚገባው ምልክት ያንኑ ስህተት ይዞ ይመጣል።

ከሌላ ሰው የመጣ ሥዕል ላይ ስንሠራ የሚያጋጥመን ደግሞ የማይታየው ብሎክ ነው። ኦቶካድ ኤሌክትሪካል በእያንዳንዱ የሽቦ ሥዕል ላይ «ደብሊው ዲ ኤም» የተባለ፣ በዓይን የማይታይ ብሎክ ያስቀምጣል፤ የሥዕሉ ማስተካከያዎች ሁሉ የሚቀመጡት በእሱ ውስጥ ነው። በተራ ኦቶካድ የተሣለ ገጽ ላይ የመጀመሪያውን ምልክት ልታስገባ ስትል ይህ ብሎክ ዜሮ ዜሮ ነጥብ ላይ ይግባ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ እሺ ማለት ነው። ችግሩ አንድ ሰው የአንዱን ገጽ ይዘት በሙሉ ገልብጦ ሌላ ገጽ ላይ ሲለጥፈው ነው፤ ያኔ ብሎኩ ሁለት ይሆናል፣ ሶፍትዌሩም የትኛውን ማስተካከያ እንደሚከተል ይምታታበታል። አንድ ገጽ ብቻ ከሌሎቹ የተለየ የመለያ አሰጣጥ ካሳየህ የመጀመሪያ ጥርጣሬህ ይህ ይሁን።

ምልክቱ ገብቶ ሽቦው ግን ሳይቆረጥ በመሀሉ አልፎ ከሄደስ? አንድ የስታር ዴልታ የሞተር ማስነሻ ሥዕል ላይ የኦቨርሎዱ (ሞተሩን ከመጠን ካለፈ ጭነት የሚጠብቀው ዕቃ) ኮንታክት ገብቶ ሳለ መስመሩ እንደ ቀስት ሲወጋው አየሁ። ኮንታክቱን ወሰድኩት፣ መለስኩት፤ አልተለወጠም። አቅርቤ መስመሩን ስነካው ሌየሩ (የተሣለበት ንብርብር) 0 ነበር። ሶፍትዌሩ ሽቦ ብሎ የሚቀበለው ለሽቦ በተመደበ ሌየር ላይ ያለን መስመር ብቻ ነው፤ በሌላ ሌየር ላይ ያለው ለእሱ ተራ ጭረት ነው። መስመሩን ወደ ሽቦ ሌየር አዛውሬ ኮንታክቱን እንደገና ሳስገባው ሽቦው ራሱ ተቆርጦ ግራና ቀኙን ያዘ። በተራ ኦቶካድ ያደገ ሠዓሊ ይህን ልማድ ለመተው ጊዜ ይፈጅበታል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት፣ ምልክቱን ላይብረሪው ውስጥ አርሞ አሮጌው ቅርጽ ተመልሶ ሲመጣበት ነው። ኦቶካድ በሥዕሉ ውስጥ በዚያ ስም የተመዘገበ ብሎክ ካለ ፎልደር ድረስ አይሄድም፤ ያለውን ይጠቀማል። ለዚህ «ስዋፕ አፕዴት ብሎክ» የተባለው መሣሪያ አለ፤ አሮጌውን በአዲሱ ሲተካ የተሞሉትን የአትሪቢዩት ጽሑፎች ይጠብቃል፣ ሥራውንም በፕሮጀክቱ ገጾች ሁሉ ላይ ማድረግ ይችላል። አርባ ገጽ ያለው ፕሮጀክት ላይ በዚህ መሣሪያ አንድ ምልክት ስንለውጥ የቡና ሰዓት ያህል እንኳ አልፈጀብንም፤ ሶፍትዌሩን የወደድኩት በዚያን ቀን ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የብሎክ ምልክት በሚሠራበት ፋይል ውስጥ ያንኑ ብሎክ በራሱ ስም ማስገባት ግን አይቻልም፤ ብሎኩ ራሱን ይጠራል ብሎ ይከለክላል፣ ልክም ነው።

መብራት በሄደ ቁጥር ፋይል መጎዳቱ ለእኛ የተለመደ ነው። ከእንዲህ ያለ መቋረጥ በኋላ ብሎክ አልገባ ካለ ሌላ ነገር ከመነካካት በፊት ፋይሉን መርምሮ የሚያርመውን «ኦዲት»፣ ካልተከፈተም «ሪከቨር» የተባለውን ትእዛዝ መጠቀም ጊዜ ያተርፋል። የፓኔል ውስጥ አቀማመጥ ላይ የዕቃው ቅርጽ አልመጣ ሲል ደግሞ ነገሩ ከብሎክ ይልቅ የካታሎግ ዳታቤዝ ሊሆን ይችላል፤ ካታሎጉን በማይክሮሶፍት አክሰስ ሞተር በኩል በሚያነቡት ሥሪቶች ላይ፣ ባለ 32 ቢት ኦፊስ የተጫነበት ኮምፒውተር ከሆነ ግጭት ሊፈጠር ይችላል።

ስለ ዋጋውም ልናገር። ኦቶዴስክ የዘለዓለም ፈቃድ መሸጥ ካቆመ ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ያለው መንገድ በየጊዜው የሚታደስ ክፍያ ነው፤ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግን ኤሌክትሪካሉ ለብቻው ሳይሆን ከኦቶካድ ክፍያ ጋር አብሮ የሚሰጥ ሆኗል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑ ለኮምቦልቻ ወርክሾፕ ከባድ ነው። ተማሪዎችና መምህራን በትምህርት ፈቃድ በነፃ ያገኙታል፤ ተማሪ የሆነ ሁሉ ይህን ዕድል እንዲጠቀም አጥብቄ እመክራለሁ። በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን ቅጂ ግን አልመክርም። ከሕግ ጥያቄው ባሻገር፣ ለጥገና ከተጠራሁባቸው ቅጂዎች መካከል የአይ ኢ ሲ ላይብረሪው በከፊል የተቆረጠባቸው ነበሩ፤ እንዲህ ባለው ላይ ከላይ የዘረዘርኩት ምርመራ ሁሉ ከንቱ ድካም ይሆናል፤ ፋይሉ በእውነትም የለምና።

በወር አንድ ሁለት ፓኔል ብቻ ለሚሠራ ሰው ኪውኤሌክትሮቴክ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ቢሞክር ይሻለዋል። ያስገባኸውን ምልክት በፕሮጀክቱ ፋይል ውስጥ ገልብጦ ስለሚያስቀምጠው፣ እኔን ደሴ ላይ የገጠመኝ ዓይነት የመንገድ ችግር በእሱ ላይ አይደርስም፤ አርባ ገጽ ያለውን ሥራ በመያዝና በዕቃ ዝርዝር ብስለት ግን ኦቶካድ ኤሌክትሪካልን አይተካም። እኛ የምንቀጥለው በኦቶካዱ ነው። ለሚቀጥለው ሥሪት የምመኘው አንድ ነገር ቢኖር ምልክት ሳይገኝ ሲቀር መልእክቱ የፈለገውን ስም፣ ከኤች ወደ ቪ ለውጦት ከሆነም መለወጡን፣ በተራ ቋንቋ እንዲናገር ነው፤ ያቺ ተማሪ ግማሽ ቀኗን ያጣችው በአንዲት ፊደል ነበር። አሁን ጠረጴዛዋ ላይ፣ ከመዳፊቱ አጠገብ፣ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ለጥፋለች፤ ኤች አግድም፣ ቪ ቁም፣ 1 ቀኝ፣ 2 ላይ፣ 4 ግራ፣ 8 ታች።